አሠሪ «ፈቃድ የለም» ሲል፤ ቤተሰብ ለማስታመም ስለሚጠየቅ ፈቃድ

(ባለፈው እሑድ ከመረዳጃ ማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ በኋላ የተደረገ ንግግር ነው። በስብሰባው ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በተጠየቀው መሠረት ቃሉ እንዳለ በሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ሰብሳቢያችን ስለዚህ ጉዳይ እንድናገር ሲጠይቁኝ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የሰጡኝ። እኔ ደግሞ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ውስጥ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ስለ ፈቃድ ካስጀመራችሁኝ ማቆሚያ የለኝም። ሰዓት የያዘ ሰው ካለ ሲበቃኝ ምልክት ይስጠኝ።

ነገሩን ያስነሣው በዚሁ በሠፈራችን የደረሰ ጉዳይ ነው። አንዲት ልጃችን እናቷ ሆስፒታል ተኝተውባት፣ ለማስታመም ፈቃድ ብትጠይቅ «ሥራ በዝቷል፤ ሌላ አስታማሚ ፈልጊ» ተባለች። ሌላ ከየት ይመጣል? ወንድሟ ዐረብ አገር ነው፣ አባቷ የሉም። ሆስፒታሉ «አስታማሚ የት አለች?» ይላል፤ መሥሪያ ቤቱ «ሠራተኛዋ የት አለች?» ይላል፤ ሁለቱም የሚፈልጓት አንዷን ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ነገ በማናችንም ቤት ሊገባ ይችላልና፣ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እምቢ ስንባል ምን ማድረግ እንዳለብን ብናውቅ ይበጃል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። አንዳንዱ ሰው «ለማስታመም የሚሰጥ ፈቃድ በሕግ አለ» ይላል፤ ሌላው «ምንም የለም፣ የአለቃው በጎ ፈቃድ ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። በሥራ ላይ ያለውን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጡት «የማስታመሚያ ፈቃድ» የሚል ርእስ አታገኙበትም። ያለው በአንቀጽ 81 ላይ ስለ ቤተሰብ ጉዳይ ፈቃድ የተደነገገው ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ሠራተኛው ሲያገባ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው፣ ወላጁ፣ ልጁ፣ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ ሲሞትበት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ያገኛል። ሚስቱ የወለደችለት አባት ደግሞ 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር አለው፤ ይህ በቀድሞው አዋጅ ያልነበረ፣ በ2011 ዓ.ም. የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ታዘቡ። ለቀብርና ለሠልስት የሚከፈልበት ቀን ተሰጥቷል፤ ለማስታመም ግን የሚከፈልበት ቀን አልተሰጠም። ሰው ሞቶ ከምንቀብረው በሕይወቱ ሳለ ብናስታምመው አይሻልም ነበር? ይህ የእኔ የግል አስተያየት ነው። ሕግ አውጪዎቹ አንድ ቀን ያሻሽሉት ይሆናል፤ እስከዚያው ግን ያለውን በሚገባ እንጠቀምበት።

ያለው ምንድን ነው? እዚያው አንቀጽ 81 ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ንዑስ አንቀጽ አለች። ሠራተኛው የተለየና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥመው እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ የማግኘት መብት አለው ትላለች፤ ይህንንም በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ ማግኘት አይቻልም። ቃሉን ልብ በሉ፤ «መብት አለው» ነው የሚለው፤ «አሠሪው ደስ ሲለው ይሰጠዋል» አይልም። ተከታታይ ቀን ስለሚል እሑድም ሊቆጠርባችሁ ይችላል። አሳሳቢ የሚባለው ምን ምን እንደሆነ ግን ሕጉ አልዘረዘረም፤ አሠሪዎች የሚያመልጡትም በዚህች ቀዳዳ ነው። እናት ለቀዶ ሕክምና ስትገባ፣ ልጅ ትኩሳት ጥሎት ሆስፒታል ሲተኛ፣ ይህ አሳሳቢ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ነገር ግን በአፍ ብቻ አይበቃም። ፈቃድ የሚፈልግ ሠራተኛ አስቀድሞ ማሳወቅና ሲጠየቅ ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ ይህም በአዋጁ ተጽፏል። ስለዚህ በሽተኛ ይዛችሁ ሆስፒታል በገባችሁበት ቀን፣ መድኃኒት ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት እንኳን ባይሆን ከሮጣችሁ በኋላ፣ የታካሚውን ስምና የተኛበትን ቀን የያዘ ማኅተም ያለበት ወረቀት ጠይቁ። የእናንተም ስም በአስታማሚነት ቢጻፍበት ይበልጥ ጥሩ ነው።

5 ቀን አይበቃም ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አይበቃም። ሁለተኛው በር የዓመት ፈቃድ ነው። ለመጀመሪያው አንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 2 ዓመት አንድ አንድ ቀን ይጨመራል። 5 ዓመት የሠራ ሰው 18 ቀን አለው ማለት ነው። መቼ እንደሚወጣ ፕሮግራሙን የሚያወጣው አሠሪው ነው፤ ያም ሆኖ በተቻለ መጠን የሠራተኛውንም ፍላጎት እንዲያይ ታዟል። ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ፈቃዱ ለሁለት ተከፍሎ ሊወሰድ ይችላል። ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? ፈቃዳችንን «ሽጠን» ለበዓል በግ እንገዛበታለን። ሥራ ላይ እያሉ የዓመት ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ ሕጉ ራሱ አይፈቅድም፤ ተደርጎም ከሆነ እናት የታመመች ዕለት ማኅደሩ ተከፍቶ «ፈቃድህ አልቋል» ትባላላችሁ። ስንቱን እንዲህ ብዬ እንደ መለስኩ እኔ አውቃለሁ።

መሥሪያ ቤታችሁ የሠራተኛ ማኅበር ካለው የኅብረት ስምምነቱን አንብቡ። አዋጁ ወለሉ ነው፤ የኅብረት ስምምነት ከዚያ በላይ ሊሰጥ ይችላል፣ ከዚያ በታች ግን መውረድ አይችልም። ለማስታመም የሚከፈልበት ቀን በስምምነታቸው ያስገቡ ማኅበራት አሉ፤ ሠራተኛው ግን ስምምነቱን በመሳቢያ ቆልፎ ያስቀምጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ2001 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ነው። የፈትል ክፍል ሠራተኛ የሆነ አንድ ጎልማሳ፣ የሌሊት ፈረቃ ሊገባ ሲል ወደ ቢሮዬ መጣ። እናቱ ገጠር ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ አንሥቶ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳቸው ሌላ ልጅ የለም። እኔ ቀና ብዬም በደንብ አላየሁትም። «የምርት ጊዜ ነው፣ አይቻልም» አልኩት። ይህን ሁሉ የተነጋገርነው በአፍ ነው፤ እሱ ማመልከቻ አልጻፈም፣ እኔም መልስ አልጻፍኩም። በማግሥቱ ሄደ። ምን ያድርግ? እናቱ ናቸው። 6 የሥራ ቀን ቀርቶ ሲመለስ የስንብት ደብዳቤው ተዘጋጅቶ ጠበቀው። በዚያን ጊዜ በነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ያለ በቂ ምክንያት 5 ተከታታይ የሥራ ቀን መቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብት ነበር። ደብዳቤው ላይ «ያለ ፈቃድና ያለ በቂ ምክንያት» የሚለውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ግን ከገዛ አፉ ሰምቼው ነበር። የ5 ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድም በዚያው በቀድሞው አዋጅ ነበረ፤ እሱ አያውቀውም፣ እኔ አውቀዋለሁ።

ሰውየው ፍርድ ቤት አልሄደም፤ ሽማግሌ ላከ። የሠፈሩ ታላላቅ ሰዎች ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ተመላለሱ። እኛም «እስቲ እናስብበት»፣ «ከፋሲካ በኋላ» እያልን መለስናቸው። ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ቡና ሁሉ አፍልተንላቸዋል። ተስፋው ሲቆረጥ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የፋብሪካው ነገረ ፈጅ አንድ ገጽ መቃወሚያ ብቻ አቀረበ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ መቅረብ ያለበት ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ነው፤ እሱ የመጣው 3 ወር ካለፈ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው በይርጋ ታገደ። ዳኛው የእናቱን ዳሌ ጉዳይ ለመስማት እንኳን ዕድል አላገኙም። ሽማግሌ ይርጋን አያቆምም፤ ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ የቀረበ አቤቱታ ግን ያቋርጠዋል። ይህን ልዩነት ያን ጊዜ ማንም አልነገረው።

ይህን የማወራው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ያ ሰው ያጣው መብት አይደለም፤ ወረቀትና ቀን ነው። እንደ እሱ እንዳትሆኑ ፈቃድ ስትጠይቁ በጽሑፍ ጠይቁ። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱን ትሰጣላችሁ፣ በሁለተኛው ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው ቀን ጽፈው እንዲፈርሙበት ታደርጋላችሁ። አልፈርምም ካሉ በሪኮማንዴ ላኩት፣ የፖስታ ቤቱንም ደረሰኝ ያዙ። ለካቦው ወይም ለክፍል ኃላፊው በስልክ የጻፋችሁትን መልእክት አትደምስሱት፤ የዛሬ ልጆች በዚህ ከእኛ ይሻላሉ። «አልተፈቀደም» ከተባላችሁም በጽሑፍ ይሁንልኝ ብላችሁ ጠይቁ። ከልምዴ ልንገራችሁ፤ በአፉ አሥር ጊዜ እምቢ የሚል አለቃ፣ በፊርማው እምቢ በል ሲባል ብዙውን ጊዜ ብዕሩ ይከብደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ወንድማችን «ከተከለከልኩ በኋላ ብሄድስ?» ብለው ጠየቁ። ከባድ ጥያቄ ነው። «ሂዱ» ብዬ ባዝ ነገ ሥራ ብታጡ እንጀራ የምሰጣችሁ እኔ አይደለሁም፤ «ቅሩ» ብልም እናታችሁ የእኔ አይደሉም። ሕጉ የሚለውን ብቻ ልንገራችሁ። የ2011ዱ አዋጅ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብተው፣ ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን ሲቀርና ቀሪነቱ በአዋጁ ከተሰጡት ፈቃዶች በአንዱም የማይሸፈን ሲሆን ነው። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ የእናንተ ጋሻ ናት። ፈቃድ በሚገባ ጠይቃችሁ፣ የሆስፒታል ማስረጃ አያይዛችሁ፣ ከ5ቱ ተከታታይ ቀን ሳታልፉ ከተመለሳችሁ፣ ቀሪነቴ የአንቀጽ 81 ፈቃድ ነው ብላችሁ ለመከራከር መሠረት አላችሁ። ውጤቱን ዳኛው ይወስናል፤ በእርግጠኝነት ትረታላችሁ አልልም። ያለ አንዲት ወረቀት ጠፍታችሁ ከተመለሳችሁ ግን የምትይዙት ነገር የለም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲደርሳችሁም አትቅደዱት፤ ተቀበሉ፣ መልሱንም በጽሑፍ ስጡ።

ሌላው ልታውቁት የሚገባው፣ የቤተሰብ ኃላፊነት አለብህ ወይም አለብሽ ተብሎ ሠራተኛን ማሰናበት በግልጽ የተከለከለ መሆኑ ነው። አንቀጽ 26 የቤተሰብ ኃላፊነትን ከፆታ፣ ከሃይማኖትና ከእርግዝና ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም ይላል። አሠሪን ከስሶ ወይም አቤት ብሎ መገኘትም እንዲሁ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተሰብ ኃላፊነት ያወጣውን ስምምነት ቁጥር 156 አገራችን በ1983 ዓ.ም. አጽድቃዋለች፤ እሱም ስለ ልጆች ብቻ ሳይሆን የሌላውን የቅርብ ቤተሰብ እንክብካቤ ጭምር የሚመለከት ነው። ስለዚህ «አንቺማ ሁልጊዜ እናትሽ ታማብሽ» ተብሎ በቃለ ጉባኤ የተጻፈ ነገር ካገኛችሁ ግልባጩን በደንብ ያዙት፤ ለእናንተ ከወርቅ ይበልጣል።

ስንብት ከደረሰ ደግሞ የደብዳቤውን ቀን ክበቡት። ወደ ሥራ ለመመለስ 3 ወር፣ ለደመወዝና ለሌላ ክፍያ 6 ወር ነው ያላችሁ። የግል የሥራ ክርክር የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ የዳኝነት ገንዘብ አይከፈልበትም። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ እንድትመለሱ ከስድስት ወር ከማይበልጥ ውዝፍ ደመወዝ ጋር ሊወስን ይችላል፤ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ከሆነ የ180 ቀን አማካይ ደመወዝ ካሣ ሊያስከፍል ይችላል። የጽሑፍ ውል የለኝም ብላችሁም አትፍሩ፤ ውሉ በጽሑፍ ባለመሆኑ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር፣ «ከምናሰናብትህ በፈቃድህ ልቀቅ» ብለው ወረቀት ሲያቀርቡላችሁ አትፈርሙ። በገዛ ፊርማው የለቀቀ ሰው ተሰናበትኩ ብሎ መክሰስ በጣም ይቸግረዋል።

ከኋላ የተቀመጡት እናታችን «ሐኪም ለእኔ እንደ ታመምኩ ጽፎ ቢሰጠኝስ?» ይላሉ። እማማ፣ ይቅርብዎ። የሕመም ፈቃድ ለራሱ ለሠራተኛው ሕመም ነው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ስላለበት ብዙ ሰው ይሳሳበታል። ሐሰተኛ ማስረጃ የተገኘበት ሠራተኛ በማጭበርበር ይሰናበታል፤ ያን ጊዜ እውነተኛው የእናት ሕመም እንኳን የሚሰማለት ያጣል። «ጠበል ይዣት ሁለት ሱባዔ ብገባስ?» ላሉት እኅት ደግሞ፣ ያ ከ5ቱ ቀን ያልፋልና በዓመት ፈቃድ ይሁን፤ ቀደም ብለው ያመልክቱ።

ይህ አዋጅ የማይመለከታቸውም አሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ፤ የራሳቸውን ደንብ ይጠይቁ። በሥራ መሪነት ያሉ ሰዎችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው። በሙከራ ላይ ያለ አዲስ ሠራተኛ እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ ብዙ ዋስትና የለውም። የቤት ሠራተኞቻችንም በአዋጁ አልተሸፈኑም። እዚህ ላይ አሠሪዎቹ እኛው ነን። የአዳራሹ ግማሽ ሰው ዛሬ እዚህ ሲቀመጥ ቤቱን ለአንዲት ልጅ ጥሎ ነው የመጣው። ከገጠር «እናትሽ ታማለች» ተብላ ስትደወልላት «ሰው ሳላገኝ እንዴት ትሄጃለሽ?» ያልነውን እናስታውስ። በዚህ አዋጅ የሚከሰን የለም፤ ስለሌለም ነው ያነሣሁት።

እነሆ ምልክት ተሰጠኝ። ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉ ይበቃል፦ «ለሠራተኛ አስተዳደር። ጉዳዩ፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 መሠረት የ5 ቀን ፈቃድ ስለመጠየቅ። እናቴ ከዚህ ቀን ጀምሮ ሆስፒታል ተኝተው ስለሚገኙና ከእኔ ሌላ አስታማሚ ስለሌላቸው፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ። የሆስፒታሉ ማስረጃ አንድ ገጽ ተያይዟል።» ቀን፣ ስም፣ ፊርማ። ናሙናው ከዚህ ሰሌዳ በስተቀኝ ተለጥፏል፤ እባካችሁ ገንጥላችሁ አትውሰዱት፣ ገልብጣችሁ ጻፉት። መጻፍ የማይችል አባል ወይም ደብዳቤ ደርሶት የተቸገረ ካለ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እገኛለሁ። ስትመጡ የቅጥር ደብዳቤያችሁን፣ የደረሳችሁን ማስጠንቀቂያ ሁሉና የሆስፒታሉን ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ስንብት የደረሰው ሰው ካለ ግን ቅዳሜን አይጠብቅ፤ ማታውኑ በሬን ያንኳኳ።